በአቦቦ የተመነጠረ መሬት ጦም ማደር የለበትም

የአንድ አካባቢ ኢኮኖሚ ባደገ ቁጥር ወደ አየር የሚለቀቀው የካርቦን ጋዝ አብሮ ይጨምራል የሚል አስተያየት በብዙ ቦታ ይሰማል። በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ጋዙ በአብዛኛው የሚወጣው ከኃይል ማመንጫ፣ ከፋብሪካና ከተሽከርካሪ ነው። በጋምቤላ ክልል፣ በአቦቦ ወረዳ ግን ካርቦኑ የሚገኘው በደኑ፣ በሣሩና በአፈሩ ውስጥ ነው። የሚለቀቀውም መሬቱ ሲመነጠር፣ ሲቃጠልና ሲታረስ በመሆኑ ጉዳዩ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኢትዮጵያ የተለቀቀው ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመናመን ነው። በነበረው አሠራር ከተቀጠለ እ.ኤ.አ. በ2030 መጠኑ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ በስትራቴጂው ተገምቷል።

የደረቀ እንጨት ክብደቱ በግምት ግማሹ ካርቦን ነው። አንድ ቶን ካርቦን ሲቃጠል ከ3 ቶን ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ደን በብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን እሳት በጥቂት ቀናት ይበትነዋል። ጉዳቱ ለአየር ብቻ የሚተርፍ አይደለም። አፈሩ ብስባሹን ሲያጣ ለምነቱ ይቀንሳል፤ ውሃ የመያዝ ችሎታውም ይዳከማል።

የአካባቢው የልማት ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ የአገሪቱ ክፍል የመጡ በርካታ ወገኖች በጋምቤላ ሲሰፍሩ ለመንደርና ለእርሻ ደን ተመንጥሯል። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታሰበው የአልዌሮ ግድብ ሥራ ቢጀመርም፣ ውሃው ለረጅም ዓመታት የታሰበውን ያህል ጥቅም አልሰጠም። በኋላም ሳውዲ ስታር የተባለው ድርጅት በአልዌሮ አካባቢ 10,000 ሄክታር መሬት ለሩዝ ልማት ተረክቧል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የለማው ግን ከተረከበው ጥቂቱ ነበር። በኢታንግና በጂካዎ አካባቢ ደግሞ ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ከያዘው 100,000 ሄክታር ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው በሚል ምክንያት ውሉ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ተሰርዟል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መሬት ተመንጥሮ ምርት ካልተገኘበት ካርቦኑ ይለቀቃል፤ እድገቱ ግን አይመጣም። ማር ይቆርጥበት፣ ያድንበትና የዱር ፍሬ ይለቅምበት የነበረው የአኙዋ ነዋሪም ደኑን ያጣል፤ በምትኩ የሚያገኘው እህልም ሆነ ሥራ አይኖርም። በአንጻሩ በታረሰው ሄክታር ላይ የሚገኘው በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ቢጨምር ተጨማሪ ደን ሳይነካ የገበሬው ገቢ ያድጋል። እድገትና የካርቦን ጋዝ መንገዳቸው የሚለያየው በዚህ ጊዜ ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያከናውኑት የሚችሉት ተግባር ብዙ ነው። አዲስ ምንጣሮ ከመፈቀዱ በፊት ቀድሞ ከተመነጠረው መሬት ስንቱ ጦም እንዳደረ ተቆጥሮ ለአባላት ጉባኤ ይቅረብ። በበጋ የሚለኮሰው የሣር እሳት ከእርሻ ወደ ደን እንዳይዛመት መከላከያ መስመር ይጠረግ፤ ጠባቂም ይመደብ። የሰብል ተረፈ ምርት ከሚቃጠል ለኮምፖስት ይዋል። ሩዝ ውሃ ተኝቶበት በሚለማበት ማሳ ውሃውን በየጊዜው ማጠንፈፍ ሚቴን የተባለውን ጋዝ በሲሶና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፤ በጥንቃቄ ከተሠራበትም ምርት አያጎድልም። ለዚህም የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ምክር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰፊ መሬት ለባለሀብት ሲሰጥም ማኅበራቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ አለ፤ በየዓመቱ ስንት ሄክታር ይለማል? ሳይለማ የቀረውስ ወደ ማን ይመለሳል? የዚህ መልስ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። የአልዌሮ ውሃና የአቦቦ ደን ለነዋሪው የሚጠቅሙት የተመነጠረው መሬት ሁሉ እህል ሲያበቅል፣ ያልተመነጠረውም ሲጠበቅ ነው።