መናፈሻው ከመቆፈሩ በፊት ነዋሪው ይምከርበት



ትንሿ መናፈሻችን ልትታደስ ነው የሚለው ወሬ ከተሰማ ሰንብቷል። ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ከወሬ አልፎ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ለክተው ሄደዋል። ይሄ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ጅጅጋችንም ተራዋን አግኝታለች፤ የእኛም ሰፈር ከዚህ ዕድል መቋደሷ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በመናፈሻው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ እስከ ዛሬ ለነዋሪው የነገረው የለም። ስለሆነም በዚህ ሰሌዳ ላይ የራሴን አስተያየት ለማቅረብ እወዳለሁ። አስተያየቴም አጭር ነው፤ ዶማው ከመነሳቱ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ።

አንዳንዱ ሰው «ባዶ ሜዳ እኮ ነው፣ ምን ይጠየቃል?» ይላል። ባዶ አይደለም። ጠዋት ወተትና ለሆህ የሚሸጡ እናቶች ከግራሩ ሥር ይቀመጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎች ጥላውን ይዘው ይጫወታሉ፤ የተጣላም ካለ እዚያው ይታረቃል። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ማታ ግን ማንም የለም፤ መብራት ስለሌለ ሴት ልጆቻችን በዋናው መንገድ ዞረው ይሄዳሉ። የጉ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቅንጨ አረም ሜዳውን ይወርሰዋል፤ ይህ አረም ቆዳ የሚያሳክክ፣ የአስም በሽተኛን ትንፋሽ የሚያሳጣ ነው። ዥዋዥዌው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቦኖውም ደርቋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ልኬት ማወቅ አይቻልም። የሚያውቀው እዚያ የሚውለው ሰው ነው።

ስለ አዲሱ ሥራ የሚወራው ብዙ ነው። ንጣፍ ይነጠፋል፣ ፏፏቴ ይሠራል፣ አጥር ይታጠራል፣ ካፌ ይከፈታል ይባላል። እኔ ውበት አልጠላም። አዲስ አበባ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ፣ ከእሱ በኋላ የተከፈቱትን የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች በቴሌቪዥን ያላየ የለም፤ ሄዶ የጎበኘም ከመካከላችን አለ። የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ግን እነዚያ የአገር ፓርኮች ናቸው። ጥበቃ፣ አትክልተኛና በጀት አላቸው፤ አንድነት ፓርክን የመሰለው ደግሞ በመግቢያ ትኬት የሚጎበኝ ነው። የእኛ መናፈሻ ልጅ ከእናቱ ጓዳ ሮጦ የሚደርስበት የሰፈር ሜዳ ነው። ለትልቅ ሰው የተሰፋ ኮት ለሕፃን አይለበስም። በጀሪካን ውኃ ገዝቶ የሚጠጣ ሰፈር መሀል ፏፏቴ ቢተከል ከምረቃው ማግስት ጀምሮ የአቧራ ገንዳ ነው የሚሆነው።

የመናፈሻ ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው። በዛፍ ተከላ በኩል ሕዝባችን አይታማም፤ አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ታዲያ ከረን አልፎ ጂላል ሲገባ ያን ችግኝ ማን ያጠጣዋል? አጠጪ ያልተመደበለት ችግኝ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን ደረቅ ወቅት አይሻገርም። በቦቴ ውኃ እየገዙ ማጠጣት ደግሞ አቅማችን አይፈቅድም።

መፍትሔው ከገጠር ወገኖቻችን እጅ ላይ አለ፤ ቢርካ ነው። ከመናፈሻው አጠገብ ካለው ትልቅ የቆርቆሮ ጣራ ላይ በአሸንዳ ውኃውን ተቀብሎ በቢርካ ማቆየት ይቻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ቀን ቢጥል 2,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 100 ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ላይ 20 ጀሪካን ፈሰሰ፣ ባከነ እንበል፤ 80 ይቀራል። 20 ችግኝ ተክለን ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ጀሪካን ብንሰጥ የ4 ሳምንት ማጠጫ ነው። ለ12 ሳምንት ጂላል 240 ጀሪካን ወይም 4,800 ሊትር ይበቃናል። 5 ሜትር ኩብ ቢርካ ይህን ይይዛል፤ ሦስት ደህና ደህና ዝናብ ይሞላዋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ቢርካው ክዳን ያለው መሆን አለበት። አንደኛ ሕፃን እንዳይገባበት ነው። ሁለተኛው ወባ ነው። በከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ የምትራባ፣ ስቴፈንሲ የምትባል አዲስ የወባ ትንኝ አለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. እዚሁ ክልላችን ቀብሪደሃር ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቷ እሷ እንደነበረች ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ክፍት ገንዳም ሆነ ውኃ የሚቋጥር ፏፏቴ ለጌጥ ብለን በሽታ መጋበዝ ይሆንብናል።

የዛፉም ዓይነት ቢሆን ምክር ይፈልጋል። ቶሎ ያድጋል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ በአፋርና በክልላችን የግጦሹን መሬት እንዴት እንደዋጠው ከብት ያለው ሰው ያውቀዋል። እሾሁ ክፉ ነው፣ ቢቆረጥም ተመልሶ ያቆጠቁጣል። አዴሮቻችን ቢጠየቁ ግን ግራርንና ሶማሌው ጎብ የሚለውን ቁርቁራን ይነግሩናል። ድርቅ ይችላሉ፣ ጥላ አላቸው፤ ቁርቁራ ደግሞ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ጎረቤታችንን ድሬዳዋን እንይ። ከባቡሩ ጋር በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች የበረሃ ከተማ ናት፤ ከዚራን ሰው የሚወደው ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ዛፎች ጥላ ነው። ንጣፍ ድንጋይ በእኛ ፀሐይ ይግላል፤ ዛፍ ግን ያበርዳል።

አሁን ወደ መጠየቁ ጉዳይ ልመለስ። ነዋሪን መጠየቅ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። በሶማሌ ባህል ሽማግሌዎች ሺር የሚቀመጡት ከዛፍ ሥር ነው። ኦሮሞው ከኦዳ ሥር ይመክራል፤ አማራው ከዋርካ ሥር ይሸመግላል። በእኛ አገር ጥላና ምክር ተለያይተው አያውቁም። ታዲያ የምክር ቦታችንን ራሱን ያለ ምክር መቁረጥና መቆፈር ምን ይባላል?

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢን ደህንነት በሚመለከት ፕሮጀክት ሕዝቡ ከዕቅዱ ጀምሮ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ስለሆነም ስንጠይቅ ማንንም መቃወማችን አይደለም፤ መብታችንን በትሕትና ማስታወሳችን ነው።

ሰው ድምፁን ሲያሰማ ምን እንደሚሆን ከጎረቤት አገር ኬንያ መማር ይቻላል። በ1989 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ መሀል ባለው ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የተባሉ ሴት «ይህ የሕዝብ ማረፊያ ነው» ብለው ተነሱ። ተሰደቡ፣ ተሾፈባቸው፤ በመጨረሻ ግን ሕንፃው ቀረ፣ ፓርኩ ተረፈ። እኚሁ ሴት በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተዋል። የእኛ ነገር እዚያ የሚደርስ አይደለም፤ የሚያሠራው ወገን ጆሮ ከሰጠን በአንድ ሳምንት ያልቃል።

«ሰው ሲጠየቅ ሥራ ይጓተታል፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚለው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሁሉም የየራሱን ይላል። ኳስ ተጫዋቹ ሜዳውን በሙሉ ይፈልጋል፣ ሽማግሌው ጸጥታ ይፈልጋል፣ ወተት ሻጯ ቦታዋን እንዳታጣ ትሰጋለች፣ ፍየል ያለውም አጥር አይወድም። ይህ ጠብ ግን ባንጠያየቅም አለ። ሳንመክርበት ከተሠራ በኋላ ሲመጣ አጥር ይነቀላል፣ አምፖል ይሰበራል፣ ችግኝ በፍየል ይበላል። ከወዲሁ ከተመከረበት ግን ቦታና ሰዓት ይከፋፈላል። ሁለት ሳምንት ለምክር ማጥፋት ሁለት ዓመት ሙሉ ጥገና ከመለመን ይሻላል።

አጠያየቁም ቢሆን የይስሙላ መሆን የለበትም። አዳራሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሚናገሩት አምስት ሰዎች ተናግረው ጭብጨባ ቢሰማ ሕዝብ ተጠየቀ አይባልም። እናቶች ከገበያ በሚመለሱበት ሰዓት ይጠየቁ። ውይይቱ በሶማልኛም በአማርኛም ይሁን። ሴት ልጆች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ማታ የት እንደሚፈሩ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በክራንችና በዊልቸር የሚሄዱ ወገኖቻችን በር ላይ ደረጃ እንዳይሠራባቸው ይናገሩ። ፕላኑም በትልቅ ወረቀት ተሥሎ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከተጠየቅን በኋላም የቱ ሐሳብ እንደተወሰደ፣ የቱ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ ይነገረን። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ አይሻልም።

የእኔን አቋም ለጠየቀኝ ይህ ነው፤

1ኛ. መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ክዳን ያለው ቢርካና ጥላ ዛፍ፤ ጌጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

2ኛ. ነባሩ ግራር አይቆረጥ።

3ኛ. የልጆች ኳስ ሜዳ ቢጠብም አይጥፋ።

4ኛ. ወተትና ለሆህ ሻጮች ጥላ ያለው ቦታ ይሠራላቸው። መናፈሻ የሰው እንጀራ ዘግቶ አያምርም።

5ኛ. መግቢያው ለሁሉም በነጻ ይሁን። ካፌ ከተከፈተም ኪራዩ ለጥበቃና ለማጠጫ ይዋል።

በዚህ የማይስማማ ካለ ይምጣና እንከራከር፤ የተሻለ ሐሳብ ካመጣ እሰየው ነው።

በመጨረሻም እኛም ግዴታ አለብን። መብት መብት እያልን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባም። እድርተኛ ድንኳን ሲተክል፣ ሰፈርተኛ ሐዘን ቤት ውኃ ሲቀዳ ማን አዘዘው? የራሱ ስለሆነ ነው። መናፈሻውንም እንደዚያው እንያዘው። ችግኙን በየተራ እናጠጣ፤ ፍየል ያለው ይሰር፤ ቅንጨ አረሙን አበባ ሳያወጣ በእጅ ጓንት ነቅለን እናስወግድ፤ ፌስታልና የጫት ገረባ ሜዳው ላይ አንጣል። ሶማሌው «አንድ ጣት ፊት አያጥብም» ይላል፤ አማራውም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ነው የተነገረን።

ስለዚህ አባቶች፣ እናቶች፣ አዴሮች፣ ኢዶዎች፣ ወጣቶችም ሁላችሁ በመናፈሻው ላይ ያላችሁን ሐሳብ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታቀርቡ በማክበር እጠይቃለሁ። በጽሑፍም በቃልም ይቻላል፤ መጻፍ የማይችል ሰው ቢመጣ እኔው ራሴ እጽፍለታለሁ፣ መልሼም አነብለታለሁ። የተሰበሰበው ሐሳብ ለሚመለከተው ክፍል በማኅበሩ ማኅተም ይቀርባል፤ ግልባጩም እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈራችን ማኅበር ጸሐፊ
ጅጅጋ