ወንዝ የቀበሌ ወሰን አያውቅም፤ ተጎራባች ማኅበራት በአንድ ደንብ ይተዳደሩ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፤ ሽንዲ

የወንበርማና የቡሬ ምድር በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል ለም አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ወጥቶ በጋው በተራዘመ ቁጥር በየጅረቱ ዳር የሚነሣው ጥያቄ የመሬት ልምላሜ ሳይሆን የውኃ ተራ ነው። ጅረቱ ከላይኛው ቀበሌ ተነሥቶ በታችኛው ያልፋል። ከላይ ያለው ገበሬ ውኃውን በቦይ ወይም በሞተር ስቦ ድንቹንና ሽንኩርቱን ሲያጠጣ፣ ከታች ያለው ደግሞ በዚያው ውኃ ተማምኖ ችግኝ አፍልቶ ይጠብቃል። ጥር አልፎ መጋቢት ሲደርስ ጅረቱ ይቀጥናል፤ ለላይኛው የበቃው ለታችኛው አይደርስም። ከዚያ በኋላ ቦይ መስበር፣ በሌሊት ውኃ ማዞር፣ በመጨረሻም ጠብና ክስ ይከተላል። ዘሩንና ማዳበሪያውን በብድር የገዛ ገበሬ ሰብሉ ደርቆ ዕዳው ብቻ ይቀርበታል።

ዛሬ በመዝገብ ላይ ቀበሌ ይባል እንጂ በገበሬው አፍ ገበሬ ማኅበር መባሉ አልቀረም። እያንዳንዱም ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃና ስለ ዛፍ ተከላ የየራሱን ውሳኔ ያሳልፋል። ችግሩ ውሳኔው ወሰን ላይ ሲደርስ ማለቁ ነው። አንዱ ማኅበር ተራራውን ከልሎ ልቅ ግጦሽን ሲከለክል የጎረቤቱ ከብት በማዶ በኩል ይገባል። አንዱ ቦረቦሩን በካብና በክትር ሲያስር፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ካልተሠራ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሥራውን ጠራርጎ ይወስደዋል። አንዱ ከምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ሲወስን፣ ሌላው በዚያው ምንጭ ራስጌ ይተክላል። በዚህ አኳኋን የሁለት ማኅበር ድካም የአንዱን ያህል እንኳ ውጤት አይሰጥም።

ተጎራባች ማኅበራት በጋራ ይሥሩ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ገበሬውን ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን ክልል በማኅበር አደራጀ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 71/1968 ደግሞ ከሦስት እስከ ዐሥር የሚደርሱ ማኅበራት ተባብረው አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። አንድ ማኅበር ብቻውን የማይችለውን መጋዘን፣ ወፍጮና ሱቅ ብዙዎቹ አንድ ላይ ያገኙ ዘንድ የታሰበ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ፍጻሜው ለምን ከፋ? ገበሬው በራሱ ምክር የጀመረው ሳይሆን በትእዛዝ የተጫነበት ሆነ። በእህል ኮታና በተወሰነ ዋጋ ምክንያት ኅብረቱን የራሱ አድርጎ አላየውም። በመሆኑም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ንብረት ተዘረፈ፤ ዘራፊውም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኅብረት አይጠቅምም የሚል አይደለም። ባለቤቱ ያልመከረበት ኅብረት ጠባቂ አያገኝም የሚል ነው።

ገበሬው በራሱ ፈቃድ ያቆመው ኅብረት ግን የትኛውም መንግሥት ቢለወጥ ሳይፈርስ ኖሯል። እድር፣ ሰንበቴ፣ ወንፈልና ደቦ የቀበሌ ወሰን አይጠይቁም። የሁለት ቀበሌ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ በአንድ እድር ሬሳ ያነሣሉ። አስከሬን በጋራ የሚሸከም ሕዝብ ውኃን በጋራ መካፈል ያቅተዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል። የጎደለው ፈቃድ ሳይሆን ደንብ ነው።

በመራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ ለዚህ ቅርብ ማስረጃ ነው። ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ከአንድ ግድብ ውኃ እንዲያገኝ በ12 ብሎኮች ተከፍሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ መስኖ በቦዩ ራስጌ ያለው ያለ ልክ ሲያጠጣ ግርጌው ይደርቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብሎክ የራሱን ተራ ማክበሩ ብቻ አይበቃም፤ ብሎክ ከብሎክ ጋር መስማማት አለበት። በትናንሽ ጅረቶቻችንም ላይ ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት፣ በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ በየሐሙሱ በካቴድራሉ በር ላይ የሚሰየም የውኃ ሸንጎ አለ። ዳኞቹ ከየቦዩ በገበሬዎች የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። ክርክሩ በቃል ይሰማል፤ ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል። በየመንደሩ የውኃ አባትና ሽማግሌ ለኖረው ለእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጉም መንገድ ከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች በሕግ የታወቀ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። አዋጅ ቁጥር 1223/2012 ደግሞ ስለ ተፋሰስ ልማትና ስለ ኅብረተሰቡ ተጠቃሚነት የወጣ ነው። ተፋሰስ ማለት ውኃ የሚሰበሰብበት ምድር ሁሉ ነውና በአንድ ቀበሌ ክልል ውስጥ ብቻ ሊታሰብ አይችልም።

ስለዚህ አንድ ጅረት የሚጋሩ ማኅበራት መሪዎች የሚከተለውን ቢያስቡበት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ከየማኅበሩ እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎች የሚገኙበት የጋራ ኮሚቴ ይመረጥ። ትልቁ ቀበሌ ትንሹን እንዳይውጥ እኩልነቱ መጠበቅ አለበት። ሊቀ መናብርቱ ብቻ ሳይሆኑ የውኃ አባቶችና ውኃ በመቅዳት የሚደክሙት ሴቶችም ይግቡበት።

ሁለተኛ፣ የውኃው ተራ በቀንና በሰዓት ተወስኖ በጽሑፍ ይቀመጥ። ተራው የሚወጣው ጅረቱ ከቀጠነ በኋላ ሳይሆን ገና ችግኝ ሳይፈላ ነው። ውኃው የሚያዳርሰው መሬት ስንት እንደሆነ ቀድሞ ከታወቀ፣ ከዐቅም በላይ ዘርቶ የሚከስር አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የእርከንና የክትር ሥራ ከተዳፋቱ ራስጌ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ። ራስጌው በሌላ ቀበሌ ቢሆንም የታችኛው ገበሬ ወጥቶ ያግዝ፤ የሚድነው የራሱ ማሳ ነውና።

አራተኛ፣ ቅጣቱ በሁሉም ቀበሌ አንድ ይሁን፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ቀላል፣ ለተደጋገመው ከባድ ሆኖ ይወሰን። የቅጣቱ ገንዘብም በጋራ ሣጥን ገብቶ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሒሳቡ ያልተነበበ ኮሚቴ ዕድሜ የለውም።

አንዳንድ መሪዎች ኮሚቴው በዛ፣ ስብሰባው ጊዜ ወሰደ ይሉ ይሆናል። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ለአንድ የውኃ ክስ ወደ ሽንዲና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ፣ በወር አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጦ ከመምከር እጅግ ይበልጣል። ሌሎች ደግሞ ወረዳው ይወስንልን ይላሉ። የወረዳ ባለሙያ ማሳ ሊለካና ምክር ሊሰጥ ይችላል፤ በሌሊት ቦይ የሚጠብቅ ግን ጎረቤት እንጂ ባለሙያ አይደለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የመስኖው ወራት የሚጀምረው የመኸሩ አዝመራ እንደተሰበሰበ ስለሆነ፣ ምክሩ ከዚያ በፊት በጥቅምትና በኅዳር መሆን ይኖርበታል። በመጋቢት የሚጠራ ስብሰባ የደረቀ ማሳ ከመቁጠር አያልፍም።