ቱርቦ በሥራው እንጂ በትልቅነቱ አይመረጥም

ከሽንፋና ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ከ700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,100 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ መካከል የአየር ግፊት 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩ የሚያጣውን አየር የሚያካክሰው ቱርቦው ነው።

ታዲያ ቱርቦው ሲበላሽ «ትልቁን አምጡልኝ» የሚል ባለንብረት አይጠፋም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ቱርቦ ለመሽከርከር ብዙ የጭስ ግፊት ይፈልጋል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ዳገት ለሚወጣ መኪና ዘግይቶ ይነሳል። ትርፉ ጥቁር ጭስና የነዳጅ ብክነት ነው። በጣም ትንሹም አይበጅም፤ በስስ አየር ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ዕድሜው ያጥራል። ጥምዝ በበዛበት መንገድ የሚወዳደሩ አሽከርካሪዎች እንኳ ከመጠምዘዣው ሲወጡ ቶሎ የሚነሳ ቱርቦ ይፈልጋሉ።

ለጭነት መኪና የሚያዋጣው የሞተሩ አምራች ያዘዘው ልክ ነው። ከመግዛት በፊት ግን አሮጌው ለምን እንደሞተ ይጠየቅ። የቆላው አቧራ በተቀደደ ማጣሪያ ከገባ፣ ዘይትም በወቅቱ ካልተቀየረ፣ አዲሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። የሰሊጥ ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚገባው፤ ሁለት ቱርቦ ሊበላው አይገባም።