ለልዩ ጦር የሚታጭ ሰውነት በሦስት ወር አይበጅም

ከመካከላችን ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ኮማንዶ ወይም ወደ አየር ወለድ ጦር ለመግባት የሚመኝ ተማሪ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አፍ አውጥቶ አይናገር ይሆናል እንጂ፥ ሌላው ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ ሜዳውን ሲዞር፥ ከእራትም በኋላ በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ፑሽ አፕ ሲሠራ ይታወቃል። ሰው ወታደር ሊሆን ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሣም። እሱ የየሰው ኅሊና ጉዳይ ነው፤ በዚህች መጽሔት ሁለት ገጽም ተነሥቶ አያልቅም። የምንጽፈው ፍላጎቱ ስላደረበት ወንድማችን (እኅታችንም አለችበት)፥ ይልቁንም ፍላጎቱን ለመፈጸም ስለሚሄድበት መንገድ ነው። መንገዱ ተስቷል ብለን እናምናለንና።

ባለፈው ዓመት በአንድ ክፍል አብሮን የሚያድር ጓደኛ ነበረን። ስሙን አንጠራውም፤ ይህን ሲያነብ ግን ራሱን ያውቃል። እስከ መጨረሻው ዓመት አጋማሽ ድረስ የካፍቴሪያ ደወል ካልሆነ በቀር ሲያስሮጠው ያየነው ነገር አልነበረም። ምረቃው ሦስት ወር ሲቀረው ግን በድንገት ተነሣ። የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍቱን በጀርባ ቦርሳው አጭቆ (በዚያ ሰሞን ለሌላ ጥቅም አውጥቷቸው ነበር ለማለት ያስቸግረናል) በየማለዳው በአስፋልቱ ላይ ሁለት ሰዓት ይሮጥ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት አደነቅነው። በሦስተኛው ሳምንት ሲያነክስ አየነው። ዕረፍ ብንለው፥ «አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ በአምስተኛው ሳምንት ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለም ወይ?» ብሎ አፋችንን ዘጋን። ቅልጥሙን በጨርቅ አሥሮ ቀጠለ። በስድስተኛው ሳምንት ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ራጅ ሲነሣ የቅልጥሙ አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። ሁለቱን የማጠቃለያ ፈተናዎች በክራንች ሄዶ ተፈተነ፤ ሦስተኛውን ሳይፈተን ቀረ። ምልመላውም ያለ እሱ አለፈ። እንግዲህ ዲግሪውም ጦሩም በአንድ ሰሞን አመለጡት።

ይህ የአንድ ሰው መጥፎ ዕድል ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገሩ ግን በጦር ሰፈር ሁሉ የታወቀ የቆየ በሽታ ነው። ብራይትሐውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ ያደረጉ ወታደሮች እግር እያበጠና እያመመ እንደሚያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ1855 ጽፎ ነበር። የራጅ መሣሪያ ገና አልተፈጠረምና ምክንያቱን ሊያየው አልቻለም። ኋላ ግን አጥንቱ ራሱ መሰንጠቁ ታወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ልምምድ ሲጀምር ሳንባውና ልቡ በጥቂት ሳምንት ይበረታሉ፤ ጡንቻውም ይከተላል። አጥንት ግን ዘገምተኛ ነው፤ አዲስ ሸክም ሲመጣበት አስቀድሞ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፥ ከዚያ በኋላ አዲሱን ይገነባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውየው «በረታሁ» በሚልበት ጊዜ አጥንቱ ከቀድሞው የደከመ ሊሆን ይችላል። ወዳጃችን በሦስተኛው ሳምንት ያነከሰው በዚህ ምክንያት ነው። ትንፋሹ ሩጥ ይለዋል፥ ቅልጥሙ ደግሞ ቁም ይለዋል፤ እሱ የሰማው ትንፋሹን ነው።

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት የእስራኤል ጦር ሐኪሞች ናቸው። በዚያ አገር ወጣቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ18 ዓመቱ ለአገልግሎት ይጠራል፤ ከኢትዮጵያ የሄዱት ወገኖቻችን ልጆችም ከተጠሪዎቹ መካከል ናቸው። ለተመረጡት ክፍሎች የሚደረገው ማጣሪያ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ገና ተማሪ ሳሉ በአሸዋ ላይ እየሮጡ የሚሰናዱ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት 295 ምልምሎችን ተከታትሎ ከመቶው 31ዱ የአጥንት ስንጥቅ እንደ ደረሰባቸው አስታወቀ። ከሦስቱ አንዱ ማለት ይቻላል! እነዚህም ሐኪም መርምሮ ያሳለፋቸው ጤነኛ ጎረምሶች ነበሩ።

እኛን እጅግ ያስገረመን ግን እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ ያገኙት ነገር ነው። በልዩ ልዩ ዓመታት የገቡ ሦስት የእግረኛ ጦር ምልምሎችን አስተያይተው፥ ከመግባታቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ኳስ፥ ይልቁንም ቅርጫት ኳስ፥ ሲጫወቱ የኖሩት በአጥንት ስንጥቅ የተጎዱት ከሌሎቹ በእጅጉ ባነሰ ቊጥር መሆኑን አዩ። ሩጫ ብቻ የለመዱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። መዝለል፥ ድንገት መቆም፥ ወደ ጎን መታጠፍ አጥንትን በየአቅጣጫው ያጠነክረዋል፤ ቀጥ ብሎ መሮጥ ግን ያንኑ አንድ ምት ደጋግሞ ማሳረፍ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት! ይህን ቊጥር ልብ በሉልን። ሁለተኛ ዓመት የሚማር ወንድማችን ዛሬ ቢጀምር በምረቃው ቀን ይደርስበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከገበያ የሚገዛ የዱቄት ቅመም ወይም የጂም መታወቂያ አይደለም፤ ኳስና ሜዳ ነው። ሜዳ ስንል ግን የራሳችን ሜዳ ትዝ ይለናል። የቅርጫት ኳሱ ቀለበት ከወደቀ ሁለት ሴሚስተር ሞላው፤ የሜዳው በር ማለዳ ሊከፈት ሲገባው ጥበቃው ቁልፉን እስኪያገኝ ድረስ የአንደኛው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይደርሳል። የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ለዋንጫ ግጥሚያ ማልያ ከማሠራቱ በፊት አንድ ቀለበት ቢያስበይድ ለብዙ ሰው ቅልጥም ይበጃል። ይህን በወዳጅነት እንናገራለን፤ በሚቀጥለው እትም መልስ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

ስለ እንቅልፍ መናገር ደግሞ በዚህ ግቢ ውስጥ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። ፈተና ሲደርስ ጫት ይዞ ማደር እንደ ጀግንነት የሚወራበት ሰሞን አለ። ሌሊቱን እንዲህ ያነጋ ሰው በ11 ሰዓት ሊሮጥ ሲወጣ ብርቱ የሆነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሁለት ዕዳ በአንድ ቀን መበደሩ ነው። እነዚያው የእስራኤል ሐኪሞች ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ በአጥንት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሱ ጽፈዋል። ያደረጉት ነገር ግን ቀላል ነው፤ ምልምሉ በሌሊት ቢያንስ ስድስት ሰዓት እንዲተኛና በእግር የሚጓዘው ርቀት በጠቅላላው እንዲቀነስ አስደረጉ። ጦር ሠራዊት እንቅልፍን በትእዛዝ ከሰጠ፥ ተማሪ በፈቃዱ የሚነፍገው ስለ ምንድር ነው? «ኮማንዶ አይተኛም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኀይል ልዩ ጦር «የሲኦል ሳምንት» በሚባለው ፈተና ምልምሉ በአምስት ቀን ተኩል ውስጥ በጠቅላላው የሚተኛው አራት ሰዓት ያህል ነው። ግን ያ ሰውየው ሲፈተን ነው እንጂ ሲበጅ አይደለም። ፈተናን ከዝግጅት የማይለይ ሰው በሌላውም ትምህርቱ የሚያልፍ አይመስለንም።

ልኩን ለሚጠይቁ ደግሞ ሁለት ምሳሌ እንስጥ። ለዚያው ጦር መግቢያ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረው ዝቅተኛ ልክ 457 ሜትር ያህል በ12 ደቂቃ ተኩል መዋኘት፥ በሁለት ደቂቃ 50 ፑሽ አፕ፥ በሁለት ደቂቃ 50 ሲት አፕ፥ 10 ፑል አፕ፥ ከዚያም 2.4 ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ተኩል መሮጥ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ወለድ ኮማንዶ ደግሞ በሥልጠናው መጨረሻ 15 ኪሎ ያህል ተሸክሞ 30 ማይል፥ ማለት 48 ኪሎ ሜትር፥ በ8 ሰዓት ያቋርጣል፤ መኮንኑ ግን በ7 ሰዓት እንዲጨርስ ይገደዳል። እነዚህን ቊጥሮች ያነበበ ተማሪ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። የመግቢያው ልክ አያስደነግጥም፤ ከመካከላችን ዋና ካልሆነ በቀር ሌላውን በአንድ ዓመት የሚደርስበት ብዙ ሰው አለ። (ዋናን በሚመለከት ብዙዎቻችን ድንጋይ ነን። ለመማርም ሐይቅ ሁሉ አይሆንም፤ ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ።) ብርቱው ነገር ያንን ልክ ይዞ ሳይሰበር ለወራት መቆየት ነው። ደግሞም አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የሚሮጥ ሰው ሰዓቱ ቢዘገይ አይዘን፤ አየሩ ስስ ነው።

በውርርድ ስለሚሠራው ቁጭ ብድግም አንድ ቃል አለን። ሳይለምዱ በአንድ ምሽት 500 ቁጭ ብድግ መሥራት ጀግንነት አይደለም። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ፈርሶ በደም ውስጥ ይገባል፤ ኩላሊትንም ይዘጋል። በማግስቱ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ምግብን በተመለከተ ከካፍቴሪያው ብዙ አንጠብቅም፤ ይሁን እንጂ የምናማርረውን ያህል ባዶ አይደለም። ሽሮ፥ ምስርና ክክ ጡንቻን የሚሠራ ምግብ ናቸው፤ ጉድለታቸው ከጭልፋው ማነስ ነው። ጎዶሎውን የሚሞላው ደግሞ ከቤት የሚላክልን በሶና ቆሎ ነው። የጥንቱ ዘማች የኋላ ደጀን ሳይኖረው በዚያ ስንቅ አገር አቋርጧል፤ እኛ ግን እናታችን የላከችልንን በሶ ከአልጋ ሥር ደብቀን ብስኩት እንገዛለን። በ55ቱ ቀን ጾም ወይም በረመዳን ልምምድ ማቆም አያስፈልግም፤ ይሁን እንጂ ሸክምና ርቀት የሚጨመርበት ጊዜ አይደለም፤ ያለውን ይዞ መቆየት ይበቃል። ለእኅቶቻችን ይህ ነገር ከወንዶቹ ይልቅ ያሳስባል። ብዙ እየሠሩ ጥቂት ሲበሉ የወር አበባ ይቋረጣል፤ ያም አጥንት እየሳሳ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው እንጂ የጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም። ቀድሞውንም ቢሆን በምልምልነት ጊዜ በአጥንት ስንጥቅ የሚጎዱት ሴቶች ከወንዶቹ ይበዛሉ።

አሁን ወደ አበበ ቢቂላ እንመለስ፤ ለጓደኛችን መልስ ሳንሰጥ ቀርተናልና። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን፥ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፥ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ሰው ሁሉ ያየው ባዶ እግሩን ነው። በባዶ እግሩ የሮጠው ግን ያን ቀን በድንገት ጀግንነት መጥቶበት አይደለም፤ አስቀድሞም በባዶ እግሩ ይለማመድ ነበር፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ሰዓትና ደብተር ይዞ ይከታተለው ነበር። በቶኪዮ፥ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን፥ ከቀዶ ሕክምናው ከአምስት ሳምንት በኋላ የሮጠውም የብዙ ዓመት ሩጫ ያጠራቀመው ሰውነት ነው። እሱ ከባንክ ያስቀመጠውን አወጣ፤ ጓደኛችን ግን ምንም ሳያስቀምጥ ቼክ ጻፈ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ትምህርቱን እየጣለ ለጦሩ የሚሰናዳ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሠራል። የተመረጠ ጦር ጡንቻ ብቻ አይፈልግም። ካርታ የሚያነብ፥ የሬዲዮ መሣሪያ የሚገባው፥ ደም የሚያቆም፥ ርቀትን በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው ይፈልጋል፤ የአሜሪካ «አረንጓዴ ቆብ» ለባሾች በሥልጠናቸው ውስጥ የውጭ አገር ቋንቋ መማር ግዴታቸው ነው። ጓደኛችን በጀርባው ተሸክሟቸው የሮጠው መጻሕፍት በቦርሳው ውስጥ ሳይሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ይበልጥ በጠቀሙት ነበር። ይህን ፊት ለፊት ብለነዋል፤ ስቋልም።

በበኩላችን የምንሰጠው ምክር ትንሽ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ፥ ሁለት ቀን ሩጫ፥ ያውም አስፋልቱን ትቶ በሣሩ ወይም በአፈሩ ላይ። ሸክም ከስድስት ወር በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም በእግር መንገድ እንጂ በሩጫ አይሁን። የፈተና ሰሞን ልምምዱ በግማሽ ይቀነስ፤ የሚያመው አጥንት ካለ ዕለቱን ይቆም። ይህን ሁሉ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነግረውናል፤ ሰምተነው ግን አናውቅም።

ጓደኛችን ዘንድሮ የቀረውን ፈተና ሊፈተን ተመልሶ መጥቷል። ቅልጥሙ ገጥሟል፤ አሳቡም አልተለወጠም፤ ምልመላውን ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሮታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ከእኛ ጋር ይጫወታል፤ ቀለበት ስለሌለ ግድግዳው ላይ በኖራ ክብ አስምረናል። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ። ኳስ ያለው ይዞ ቢመጣ ደግሞ እናመሰግናለን፤ የእኛው ተቀድዷል።