የውዱእ ውኃና የጀሪካን ቆስጣ



ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ ብዙዎቻችን ገና የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበርን። ጫማችን ጭቃ ለብሶ ወደ ቤት ስንመለስ የተሰማን ደስታ ዛሬም ትዝ ይለናል። የተከልነውን ተመልሶ ያየ ግን ከመካከላችን አንድም የለም። ጀመዓችን ባለፈው ክረምት ያደረገውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ባነር ነበር፣ ፎቶ ነበር። ጥር ላይ ሄደን ስናይ የደረቀው ከለመለመው ይበልጥ ነበር።

ስንፍና ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ችግኝ የሚተከለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ዝናቡ ያጠጣልናል። እኛ ግቢ የምንሞላው ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት የችግኙ ፈተና ናቸው፤ የእኛም የሚድና የፋይናል ጊዜ ናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ የተከላ ቀን ከመታወጁ በፊት ጀመዓው ጥቂት ተክሎ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣትን እንዲለምድ እንጠይቃለን።

ይህን የምንለው ጎሮ አካባቢ ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ልጆች ስለሞከርነው ነው። መንግሥት ኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋትን ሲጀምር የጓሮ አትክልት ወሬ በየቤቱ ገብቶ ነበር። ጓሮ የሌለን ተከራዮች ግን ወሬውን ሰምተን አለፍነው። በኋላ አከራያችን ከደረጃው ሥር ያለችውን ቁራጭ መሬት ፈቀዱልን። ቦሌን፣ ሰሚትንና ጎሮን የሚያውቅ ዋልካውንም ያውቃል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሲቪል የምናጠናው ልጆች ቤት ሲሠራ ይህን አፈር ቆርጦ ማውጣትና በሰሌክት መተካት እንዳለበት ለፈተና ሸምድደናል። ለጎመን ሲሆን ግን አላስታወስነውም። በነሐሴ ውኃው አልወርድ አለ፣ ሥሩም በሰበሰ።

ቀጥለን በቀለም ባልዲ ሞከርን። ባልዲውን መብሳት ረሳን። ይባስ ብለን ትኩስ የዶሮ ፍግ ጨመርንበት፤ በሳምንቱ ቅጠሉ እሳት የነካው መሰለ። ፍግ ወራት ቆይቶ ካልበሰበሰ ተክል ያቃጥላል። (በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነውና የምትሰግዱበትን ልብስ ለብሳችሁም አትንኩት።)

የተሳካልን በሦስተኛው ነው። የምግብ ዘይት የነበረበትን የሃያ ሊትር ጀሪካን በጎኑ አጋድመን የላይኛውን ገጽ ቆረጥን፣ ከሥር አሥር ያህል ቦታ በሳነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ደባለቅን። የዘራነው ቆስጣ ነው። ለጀማሪ ቲማቲም አንመክርም፤ በዝናብ ጊዜ በሽታ አያጣውም። ቆስጣና የሀበሻ ጎመን ግን ከውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ ስትቀጥፉ ከመሐል ሌላ ያወጣሉ፤ ከሥሩ ካልነቀላችሁት ለወራት ያበላችኋል። ከዘራን ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የመጀመሪያውን ቀጠፍን። ቦታ ስትመርጡ ፀሐይን እዩ፤ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ጥላ ይሆናል።

አፈር ከየት እንደምታመጡም ተጠንቀቁ። ቦሌ ፒኮክ አካባቢ በወንዝ ውኃ የሚለማውን እርሻ ጨምሮ የተሠራና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቅጠሎቹ ውስጥ ከባድ ብረቶችን ለክቷል። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ይሰበስባሉ። ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም፤ ወንዙን ያቆሸሸው ሌላ ነው። እኛ ግን ከወንዝ ዳር አፈር አንዝቅም።

ውኃስ? ሰፈራችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ለመጠጥ የተቀዳውን ለቆስጣ ማፍሰስ ከበደን። መፍትሔውን ያገኘነው መድረሳ ከቀራነው አቡ ሹጃዕ ነው። ውዱእ የተደረገበት ውኃ በራሱ ጧሂር ነው፣ ነገር ግን ዳግመኛ ለጦሃራ አያገለግልም። ልጅ ሆነን ይህን ስንቀራ «ታዲያ ለምን ይጠቅማል?» ብለን ኡስታዛችንን አልጠየቅንም። አሁን ሳፋ ላይ ቆመን ውዱእ እናደርጋለን፣ የተጠራቀመው ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል። ስንለካው ደግሞ አፈርን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር እናውቃለን፤ እኛ ቧንቧ ከፍተን የምናፈሰው ከአራት ሊትር በላይ ነበር።

አንድ ወንድማችን «ይህ ሁሉ ለአምስት ቅጠል ቆስጣ ነው?» ብሎ ሳቀብን። እውነቱን ነው፤ ሁለት ጀሪካን ለአራት ሰው በሳምንት አንድ ወጥ ቢሆን ነው። ከገበያ አያድነንም። ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችን እናውቀዋለን፦ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ሶደቃ ይሆንለታል። ኒያችንን አላህ ያውቃል፤ ሆኖም ጥር ላይ ከደረቀው ችግኛችን ወፍ እንኳ አልበላችም።

የምንሰግድበት መስጂድ የውዱእ ውኃ በሙሉ ወደ ቱቦ ይገባል። የመስጂዱን ኮሚቴ አስፈቅደን በወንዶችም በእህቶችም በኩል ስድስት ስድስት ጀሪካን እንድናስቀምጥ ሐሳብ አቅርበናል። በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ የሁለት ሰው ስም ይጻፋል፤ አንዱ ፈተና ሲኖርበት ሌላው ያጠጣል። ለሴሚስተር ዕረፍት ቤተሰቦቻቸው አዲስ አበባ የሆኑ ልጆች ቢመዘገቡ ይሻላል፤ ባለፈው ጊዜ የተሸነፍነው እዚያ ላይ ነው። እጅ በሳሙና የታጠቡበት ውኃ እንዳይቀላቀል ሳፋው ለብቻው ይቀመጣል።

ሦስቱ ጀሪካኖች ተቆርጠው ተበስተዋል፤ ዘጠኝ ይቀራሉ። የፊታችን ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ነን። ቢላዋ ወይም አሮጌ ሳፋ ያለው ይዞ ይምጣ።