በአንድ እግሩ የቆመ ሰርቨር

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን እናያለን። አሮጌው ሲደክም በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ለመንገድ የገባን ነገር ለመረጃችን ለምን አይገባንም?

ሰርቨር ላይ ሁለት ዲስክ የሚገጠመው አንዱ የያዘውን ሌላውም እንዲይዝ ነው፤ ሚረሪንግ ይሉታል። አንዱ ሲሞት ሥራ አይቆምም። ጣጣውም ይኸው ነው! ሥራ ስላልቆመ የሚደነግጥ የለም። "ግዢው በሂደት ላይ ነው" እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ የመሬት መዝገቡና የደመወዝ ዝርዝሩ በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥለው ይከርማሉ።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። መለዋወጫው ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይገዛ። አንዱ ሲሞት መጀመሪያ ባክአፕ ይወሰድ፤ ሚረሪንጉ ሲመለስ የቀረው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበብ፣ የደከመ ከሆነ ያኔ ሊወድቅ ይችላል። የሞተው በሴሪያል ቁጥሩ ተለይቶ ይውጣ፤ በስህተት ደህናውን የነቀለ ሁለቱንም ሊያጣ ነው። አዲሱ በመጠን ከቀድሞው አይነስ። ቅጂው መቶ በመቶ ሳይሞላ "ተጠግኗል" ብሎ ሪፖርት አይጻፍ።

ሚረሪንግ አለን ብሎ ባክአፕ መተውም የለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ ነው የሚጠፋው።

ሳይቃጠል በቅጠል፣ ወገን!