መጀመሪያ ቅጂ፣ ማስነሳቱ ይደርሳል
በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ኦዝቦርን 1 ከዕቃ ክፍል አውጥቶ አቧራውን እንኳ በቅጡ ሳያራግፍ ኦሪጅናል ፍሎፒውን የሚያጎርሰውን ሰው ባገኝ፣ እጁን ይዤ ባስቆመው ደስ ይለኛል። 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ይህ «ተንቀሳቃሽ» ኮምፒውተር (ተሸካሚው ይወቀው!) ሲሸጥ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ሲፒ/ኤም የተባለው ሥርዓተ ክወናም ሆነ የጽሑፍ ማዘጋጃው ዎርድስታር ያሉት ፍሎፒ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መገልበጥ። ዲስኩን በሽፋኑ ውስጥ በጣት ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩና በሞላላዋ መስኮት ተመልከቱ፤ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ወይም ዙሪያውን የሄደ ጭረት ካያችሁ ሳታጸዱ አታስገቡት። ቡናማው ማግኔታማ ቅብ ተፍቆ ማንበቢያው ጭንቅላት ላይ ከተጋገረ፣ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክም ይጨርሰዋል። በጎኑ ያለችውን ቅድ በፕላስተር መሸፈንም አይረሳ፤ በ5.25 ኢንች ዲስክ ላይ በስህተት መጻፍን የሚከለክለው እሱ ነው። «ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ምን አደከመን?» የሚሉ አሉ። ዎርድስታሩስ ይገኝ ይሆናል፤ የቀድሞው ባለቤት የጻፈው ደብዳቤና በሱፐርካልክ የያዘው ሒሳብ ግን 100 ኪሎባይት ያህል ብቻ ከምትይዘው ከዚያች ዲስክ ሌላ የትም ላይኖር ይችላል። ፋይሎቹን ብቻ መልቀምም አያጠግበኝም፤ እንደ ግሪስዊዝል ያለ ሰሌዳ የማግኔቱን ምልክት እንዳለ ስለሚቀዳ፣ ዛሬ አልነበብ ያለ ሴክተር ነገ በተሻለ ፕሮግራም ሊፈታ ይችላል። ኦዝቦርኑን ማስነሳት ያማራችሁ እንደሆነ ከቅጂው በተጻፈ ሌላ ዲስክ አስነሱት።